የቮልሳችን ቀይ መብራት፦ ከዲናሞ ወደ አልተርኔተር የተደረገ ለውጥ የሥራ ማስታወሻ

ግንቦት 4 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ እሑድ

ትናንት ማታ ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ ስመለስ ዝናብ ያዘኝ። መንገዱ ተጨናንቋል፤ የፊት መብራት በርቷል፣ የዝናብ መጥረጊያው ይሠራል፣ እግሬ ፍሬን ላይ ነው። እንግሊዝ ኤምባሲ አካባቢ ስደርስ መጥረጊያው ዳገት እንደሚወጣ ሽማግሌ መጎተት ጀመረ። ፍሬቻ ባሳይ ብልጭ ድርግም ማለቱን ትቶ እንደበራ ቀረ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር ትበራለች፣ ነዳጅ ስሰጠው ትጠፋለች። እንደምንም ቤት ደረስኩ። ዛሬ ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው ጠቅ ከማለት በቀር ሞተሩን ሊያዞረው አልቻለም። የሰፈር ልጆች ገፍተው አስነሱልኝ።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1968 ሞዴል ቮልስ ናት፤ ሞተሯ ባለ 1300። አባቴ ወጣት ሠራተኛ ሳሉ የገዟት ናት፤ እኔም መንዳት የተማርኩት በእሷ ነው። አባቴ ከሁሉ አስቀድመው ያስተማሩኝ ማርሽ መቀየር አልነበረም። ጣታቸውን ወደ ቀይዋ መብራት ቀስረው «ይህቺ ከበራች ወዲያው ቁም፤ የምትሄድበትን እርሳው» ነበር ያሉኝ። ቮልስ ሞተሯን የምታቀዘቅዘው በአየር ነው፤ አየሩን የሚነፋው ማራገቢያ ደግሞ የተሰካው ለመኪናዋ ኤሌክትሪክ በሚያመነጨው በዲናሞው ዘንግ ጫፍ ላይ ነው። ሞተሩ ዲናሞውን የሚያዞርበት ቺንጋ ከተበጠሰ ባትሪው መሞላቱን ብቻ ሳይሆን ሞተሩም መቀዝቀዙን ያቆማል። ስለዚህ የዚህች መኪና ቀይ መብራት ከሌሎች መኪኖች የበለጠ ትርጉም አላት። አሁን ግን በየመብራቱና በየመስቀለኛው መንገድ እየበራች ለምዳብናለች፤ እውነተኛው አደጋ ቢመጣ በምን እንለየዋለን?

ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ መኪናዋ የምትፈልገውን ኤሌክትሪክ ደመርኩ። የፊት መብራቶቹን ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ሃሎጂን ቀይሬአቸዋለሁ፤ ሁለቱ አጭር መብራቶች በአንድነት 110 ዋት ናቸው፣ ይህ ወደ 8.5 አምፔር ይሆናል። የኋላ፣ የሰሌዳና የዳሽቦርድ አምፑሎች 2 አምፔር፤ ቦቢናው 3፤ የዝናብ መጥረጊያው 4፤ ሬዲዮና የስልክ ቻርጀር 3። እግር ፍሬን ላይ ሲያርፍ የፍሬን መብራቶቹ 3 ይጨምራሉ፤ ፍሬቻ ሲበራ ደግሞ በአማካይ 1.5። ድምሩ 25 አምፔር መጣ።

በዲናሞው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ 14 ቮልት፣ 30 አምፔር ይላል። ቁጥሩን ብቻ ላየ ይበቃል። ነገር ግን 30 አምፔር የሚገኘው መኪናዋ መንገድ ላይ ስትሮጥ ነው። ቆማ ሞተሩ ሲንተከተክ ዲናሞው የሚሰጠው ከምንም አይቆጠርም፤ ሁሉም ነገር የሚበላው ከባትሪው ነው። ባትሪው 45 አምፔር ሰዓት ነው። በዝናብ የአንድ ሰዓት መጨናነቅ ከግማሽ በላዩን ይጨርሰዋል ማለት ነው።

ግንቦት 10፣ ቅዳሜ

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወዳሉት አንድ አንጋፋ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ወሰድኳት። ገና ሕፃን ሳለሁ አባቴ ይዘውኝ የሚሄዱት እሳቸው ጋ ነበር። ዲናሞውን ሳይፈቱ የኋላውን መሸፈኛ ከፍተው ካርቦኖቹን አወጡ፤ አንደኛው አልቆ መያዣው ውስጥ ሊሰወር ምንም አልቀረውም። አዲስ አስገቡ፤ ካርቦኑ የሚሄድበትን የመዳብ ከበሮም በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት አጸዱት። ሞተሩ ሲፈጥን ቴስተሩ 13.7 ቮልት አነበበ። ወደ ሚኒሞ ሲመለስና መብራቱ ሲበራ ግን 11.8።

«ጋሼ፣ አሁንም እኮ ያው ነው» አልኳቸው።

«ዲናሞው አልታመመም ልጄ» አሉኝ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «ድሮም ሥራው ይኸው ነበር። ይህ መኪና ሲመጣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰዓት አቁሞ የሚያውል መንገድ አልነበረም። መኪናው አልተለወጠም፤ ከተማው ነው የተለወጠው።»

ከዚያ ለምን እንደሆነ የተበላሹ ዲናሞና አልተርኔተር (ከዲናሞ በኋላ የመጣውን ኤሌክትሪክ አመንጪ) ከመደርደሪያ አውርደው አሳዩኝ። በዲናሞው ኤሌክትሪኩ የሚመነጨው በሚሽከረከረው ክፍል ውስጥ ነው፤ የሚመነጨው ሁሉ በእነዚያ ሁለት ካርቦኖች በኩል ተፍቆ ነው የሚወጣው። በአልተርኔተሩ ነገሩ ተገልብጧል፤ የሚሽከረከረው ማግኔቱ ነው፣ ኤሌክትሪኩ የሚመነጨው ዙሪያውን በተጠመጠመው፣ በማይንቀሳቀሰው ሽቦ ውስጥ ነው። በካርቦኖቹ የሚያልፈው ማግኔቱን የሚቀሰቅስ ጥቂት አምፔር ብቻ ነው፤ ዋናው ኃይል ምንም ሳይነካው በዳዮዶች (ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፉ ዕቃዎች) በኩል ይወጣል። በዝቅተኛ ዙርም ቶሎ መስጠት ይጀምራል። የቮልስ ፋብሪካ ራሱ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ገደማ ወደ አልተርኔተር የተሻገረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ግንቦት 18፣ እሑድ

በሌላ መኪና ቢሆን አጭር መንገድ ነበረ፤ የዲናሞውን ፑሌጃ (ቺንጋው የሚጠመድበትን ክብ) በትንሽ ፑሌጃ ለውጦ በሚኒሞም በፍጥነት እንዲዞር ማድረግ። ቮልስ ላይ ይህ አይሞከርም። የዲናሞው ፍጥነት የማራገቢያው ፍጥነት ነው፤ ፋብሪካው በሞተሩ አንድ ዙር ዲናሞው ሁለት ጊዜ ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው እንዲዞር አድርጎ የለካው ለማቀዝቀዣው ብሎ ነው። ሞተሩ ጫና እንዲቀንስለት ተብሎ የሚሸጠው ትንሹ የታችኛው ፑሌጃ ደግሞ ይብሳል፤ ማራገቢያውንም ቻርጁንም ባንድነት ያዘገያል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ወለል አየር ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። ቀድሞውንም በሳሳ አየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ማራገቢያ ማዘግየት ሞተሩን መግደል ነው። ስለዚህ ፑሌጃዎቹ እንደነበሩ ይቆያሉ፤ የሚለወጠው የሚያመነጨው ዕቃ ብቻ ነው።

ሌላው የገባኝ ነገር፣ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት አልተርኔተር በሚኒሞ የግድ ብዙ ይሰጣል ማለት አይደለም። 90 አምፔር የሚል ጽሑፍ በከፍተኛ ዙር የሚገኘውን ነው የሚናገረው። ስለዚህ ሻጭን መጠየቅ ያለብኝ «ስንት አምፔር ነው?» ሳይሆን «በ1,500 ዙር ስንት ይሰጣል?» ነው፤ ሞተሩ በ850 ዙር ሲንተከተክ አልተርኔተሩ የሚዞረው ወደዚያ ገደማ ነውና።

ግንቦት 25፣ እሑድ

ሶማሌ ተራ ዞርኩ። ገበያውም ጋራዡም ሁለቱንም ዕቃ «ዲናሞ» ብሎ ስለሚጠራ በየሱቁ «አልተርኔተር ነው የምፈልገው፤ የቮልስ፤ ከኋላው ማራገቢያ የሚሰካበት» እያልኩ ማስረዳት ነበረብኝ። የጃፓን መኪኖች አልተርኔተር ሞልቷል፤ ነገር ግን ዘንጋቸው የሚወጣው በአንድ በኩል ብቻ ስለሆነ ለእኔ አይሆኑም። በመጨረሻ ቨርጂኒያ የምትኖረው የአጎቴ ልጅ ለፋሲካ ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛልኝ የመጣችው ባለ 75 አምፔር ዕቃ ተመረጠ፤ ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ውስጡ ያለ ነው። «ካስፈለገ» ብለን ያስመጣነው ሣጥን ሳይከፈት ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ ነበር። ከሶማሌ ተራ የገዛሁት መቀመጫውን፣ ከሥሩ የሚገባውን ጓርኒሲዮን፣ የማራገቢያውን የኋላ መሸፈኛ ሳሕኖችና አዲስ ቺንጋ ነው።

ሰኔ 2፣ እሑድ

የመጀመሪያው ሥራ የኋላ ወንበሩን አንስቶ የባትሪውን ኔጋቲቭ መፍታት ነው። ከዚያ የአየር ማጣሪያውንና ካርቡራተሩን አወጣሁ። ቺንጋው የሚፈታው የዲናሞውን ፑሌጃ ለሁለት በመክፈት ነው፤ ፑሌጃው ጠርዝ ላይ ባለችው ጎድጓዳ ቦታ ካቻቢቴ አስገብቶ የዲናሞው ቡሎን ላይ ማስደገፍና ዳዶውን በ21 ቁልፍ መፍታት። በሁለቱ የፑሌጃ ግማሾች መካከል ያሉትን ስስ ሮንዴላዎች ቆጥሬ በብልቃጥ አስቀመጥኳቸው።

የማራገቢያውን ቆርቆሮ ቤት ከማንሳቴ በፊት ከሞተሩ ሥር ያለችውን፣ የማቀዝቀዣ አየሩን በሮች እንደ ሙቀቱ የምትከፍትና የምትዘጋ ቴርሞስታት አላቀቅሁ። ይህን ረስቶ ቆርቆሮውን የሚስብ ሰው ውስጥ ያሉትን የአየር በሮች ያጣምማል፤ አባቴ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሁለት ጊዜ አስታወሱኝ።

ቆርቆሮው ሲነሳ ያየሁትን ልግለጸው። የዘይት ማቀዝቀዣው ክንፎች በአንድ በኩል ጨርሰው አይታዩም፤ ዘይት የጠጣ አቧራ እንደ ጭቃ ልስን ሸፍኗቸዋል፣ በልስኑ ላይ ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅጠሎች ተለጥፈዋል፤ አንዳንዶቹ ከመድረቃቸው የተነሳ ሥራቸው ብቻ ቀርቷል። ቅጠሉን በጣቴ ሳነሳው ሽታው ገና አለቀቀውም ነበር። አባቴ አንዱን ተቀብለውኝ አሸተቱና «ይህ የእንጦጦ ነው» አሉ። መኪናዋ ግቢ ውስጥ የባሕር ዛፍ ሥር የምትቆምበት ዘመን ነበር። ያ ሁሉ ዓመት ሞተሩ ግማሽ አየር እየተነፈሰ ነው የሠራው። ቻርጅ ለማስተካከል ገብቼ ያገኘሁት ትልቁ ሕመም ይህ ሆነ። ቀኑን ሙሉ በቤንዚንና በጥርስ ብሩሽ አጸዳሁ፤ ዲናሞውን የማውጣቱ ሥራ ለነገ ተላለፈ።

ሰኔ 9፣ እሑድ

ዲናሞው ሰኞ ማታ ወጣ። ማራገቢያውን የያዘው ባለ 36 ዳዶ በቀላሉ አልተላቀቀም፤ ረጅም ቧንቧ ጨምሬ ነው የተፈታው። ዛሬ ደግሞ መልሶ መግጠም።

የማራገቢያው ጀርባ ከመሸፈኛው ሳሕን 2 ሚሊሜትር ገደማ መራቅ አለበት። ከዚያ ካነሰ ይታከካል፤ ከዚያ ከበዛ አየሩ ይሾልካል። መጀመሪያ ስገጥመው በስፔሰር መለኪያ 0.8 ሚሊሜትር አገኘሁ። በእጅ ሲዞር አይነካም፤ «ይበቃል» ሊባል ይችል ነበር። ነገር ግን ሞተሩ ሲግልና ዘንጉ ሲላወስ ይነካል። ፈትቼ ከውስጥ በኩል ሮንዴላ ጨመርኩ፤ 1.6። አሁንም ፈታሁ፤ አንድ ስስ ጨመርኩ፤ 2.0። ማራገቢያውን በጣቴ ገፋ አድርጌ ሳዞረው እንደ ትንፋሽ ያለ ድምፅ ብቻ ሆነ። ዳዶውን ወደ 60 ኒውተን ሜትር አጠበቅሁት። የመሸፈኛው ሳሕን ላይ ያለው የአየር ቀዳዳ ወደ ታች መዞሩንም አረጋገጥኩ።

መቀመጫውን ከነጓርኒሲዮኑ ለወጥኩ፣ ሁሉንም መልሼ አሰርኩ። ቺንጋው ላይ ያለው ሥራ የሮንዴላ ቆጠራ ነው፤ ከፑሌጃው መካከል ሮንዴላ ሲቀነስ ቺንጋው ይጠብቃል፣ ሲጨመር ይላላል። የተቀነሱት ከዳዶው ሥር በውጭ ይቀመጣሉ፣ አይጣሉም። በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሴንቲ ተኩል ያህል የሚገባ ቺንጋ ትክክለኛ ነው። ለአልተርኔተር ብዙ ሰው ከልክ በላይ ያጠብቃል፤ ያ ኩሽኔታውን ነው የሚበላው።

ሰኔ 15፣ ቅዳሜ

ሽቦ። በእኔ ግምት የዚህ ሥራ ልብ እዚህ ነው፤ በየጋራዡም ቶሎ የሚታለፈው ይኸው ነው። አዲስ አልተርኔተር ይገጠምና በአሮጌው ሽቦ ላይ ይቀጠላል፤ ከዚያ «አልተርኔተሩ ደካማ ነው» ይባላል።

የዱሮው ወፍራም ሽቦ 6 ካሬ ሚሊሜትር ነው፤ ለ30 አምፔር የታሰበ። ከሞተሩ እስከ ባትሪው የለካሁት ርቀት 2.5 ሜትር ሆነ። በዚህ ሽቦ 40 አምፔር ቢያልፍ መንገድ ላይ የሚጠፋው 0.3 ቮልት ገደማ ነው፤ 75 አምፔር ቢያልፍ ከግማሽ ቮልት በላይ፣ ይህም 40 ዋት ሙቀት ሆኖ በወንበር ሥር በጨርቅና በጭድ መካከል ይቀራል። በ16 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ግን በ40 አምፔር የሚጠፋው አንድ አሥረኛ ቮልት ብቻ ነው። 16ቱን ገዛሁ፤ ብዙ ጭረቶች ያሉት፣ የሚተጣጠፍ የመዳብ ሽቦ። ጫፎቹ ላይ የመዳብ ቀለበቶቹን በትልቅ መጭመቂያ አስጨመቅሁ እንጂ በእርሳስ አላስበየድኩም፤ እርሳስ ሲግል ይለሰልሳልና።

ባትሪው በቀኝ በኩል ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ፣ ከ20 ሴንቲሜትር ሳይርቅ፣ ባለ 80 አምፔር ፊውዝ አስገባሁ። ሽቦው ተልጦ ብረት ቢነካ እሳቱ የሚመጣው ከባትሪው በኩል ስለሆነ ፊውዙ መጠበቅ ያለበት ከዚያ ጀምሮ ነው። በባትሪው ራስ ላይም ወፍራም ላስቲክ አነጠፍኩ። ከኋላ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ስፕሪንግ ወርዶ የባትሪውን ራስ ይነካል፤ ወንበሩ ውስጥ ያለው ጭድ መሰል ሙሊት ደግሞ እሳት ይወዳል። ቮልስ ያለው ሰው ሁሉ ይህቺን ላስቲክ ዛሬውኑ ቢያነጥፍ ደስ ይለኛል።

ቀጥሎ ሬጉሌተሩ። በግራ በኩል ከወንበሩ ሥር ያለው የጥቁር ሣጥን ሬጉሌተር ከአልተርኔተሩ ጋር ሥራ የለውም፤ አወጣሁት። እሱ ሲወጣ ሁለት ቦታ ሽቦ ማገናኘት ያስፈልጋል። ወደ ቀይዋ መብራት የሚሄደው ሰማያዊ ሽቦ ቀድሞ ለዲናሞው ማግኔት ይሄድ በነበረው ቀጭን ሽቦ ላይ ተገናኝቶ ወደ አልተርኔተሩ ይሄዳል። ሁለተኛውን ግን ዘንግቼው ነበር። ሥራውን ጨርሼ ቁልፉን ብከፍት መኪናዋ ጨለማ ናት፤ መብራት የለ፣ ክላክስ የለ። ለመኪናዋ ፊት ለፊት ኤሌክትሪክ የሚሄደው በሬጉሌተሩ ላይ ካለው ወፍራም መገናኛ ነበርና እሱን ሳወጣ መስመሩን ቆርጬዋለሁ። ሽቦውን ከባትሪው መስመር ጋር በራሱ ፊውዝ አገናኘሁት፤ ሁሉም ተመለሰ።

ሰኔ 16፣ እሑድ

አስነሳኋት። ሞተሩ ያምራል፤ ቻርጅ ግን የለም። ቴስተሩ ባትሪው ላይ 12.2 ይላል። ነዳጅ እየሰጠሁ ከፍ ሳደርገው፣ ከፍ ሳደርገው፣ በሦስት ሺህ ዙር ገደማ ባንዴ ወደ 14.2 ዘለለ፤ ከዚያ በኋላ ሚኒሞ ላይም ቀጠለ። አጥፍቼ ባስነሳ እንደገና 12.2።

ግማሽ ቀን ሽቦ ስከተል ዋልኩ። በመጨረሻ አባቴ ከበርጩማቸው ሆነው «ቀይዋ መብራት ስትከፍተው አትበራም እኮ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ቁልፉ ሲከፈት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ቀይዋ መብራት መብራት አለባት። አልበራችም ማለት ሳይሆን በጣም ደብዝዛ ነበር፤ በቀን ብርሃን የማትታይ። ባለፈው ዓመት የዳሽቦርዱን አምፑሎች ሁሉ ወደ ኤልኢዲ ለውጬአቸዋለሁ፤ ቀይዋንም ጭምር።

ምክንያቱ ይህ ነው፤ አልተርኔተሩ ሲነሳ ማግኔቱን የሚቀሰቅስለት ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ያም የሚመጣው በዚያች አምፑል በኩል ነው። መብራቷ ማስጠንቀቂያ ብቻ አይደለችም፤ የመቀስቀሻውም መንገድ ናት። ባለ 2 ዋት ተራ አምፑል አንድ ስድስተኛ አምፔር ያህል ታሳልፋለች፤ ኤልኢዲው ግን የዚያን አሥር አንድ እጅ አያሳልፍም። በሚሽከረከረው ክፍል ብረት ውስጥ በቀረው ትንሽ ማግኔታዊ ኃይል እስኪነሳ ድረስ በከፍተኛ ዙር መጠበቅ የነበረበት ለዚህ ነው። የድሮዋን አምፑል ከመሳቢያ አገኘኋት፤ ስሰካትና ቁልፉን ስከፍት ቀይ፣ ሙሉ፣ ዓይን የምትወጋ ሆና በራች። አስነሳሁ፤ ጠፋች። 14.1 ቮልት።

ሰኔ 23፣ እሑድ

ሁሉም ደህና ሆኖ ሳለ አንድ ነገር አላሳረፈኝም፤ የአልተርኔተሩ መውጫ ላይ 14.2 ቮልት ሲሆን፣ ሁሉም መብራት ሲበራ ባትሪው ላይ 13.2 ብቻ ነው። ባስቀመጥኩት ወፍራም ሽቦ ላይ ይህ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ፖዘቲቩን ትቼ የኔጋቲቩን መንገድ ለካሁ፤ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በአልተርኔተሩ አካል፣ ሌላውን በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ። 0.9 ቮልት!

ብዙ ሰው ይህን አይለካም፤ «ብረት ከብረት ጋር ነው» ብሎ ያልፋል። የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ ግን በላስቲክ ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኛቸው ካምቢዮው አፍንጫ ላይ የታሰረ አንድ የተሸረበ የመዳብ ጠፍጣፋ ገመድ ነው። መኪናዋን አንስቼ ከሥሯ ገባሁ። ገመዱ አለ፤ ግን አረንጓዴ ሆኗል፣ ጫፉ ላይ ከግማሽ በላይ ክሩ ተበጥሷል፣ ቡሎኑ ሥር ያለው ብረት ቀለምና ዝገት ነው። ይህ ገመድ ሙሉ በሙሉ ቢበጠስ ኤሌክትሪኩ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም የነዳጅ መስጫውንና የፍሪሲዮኑን ገመድ ነው። በሞተሪኖ ጉልበት የነዳጅ ገመድ ቀልቶ የሚቃጠልበት ጊዜ አለ።

አዲስ የተሸረበ ገመድ ገዛሁ፤ የሚቀመጥበትን ብረት ብረቱ እስኪያበራ ፋቅሁ፤ ቅባት ቀብቼ አሰርኩ። የባትሪውን ኔጋቲቭ የሚይዘውንም ቦታ እንዲሁ። ኪሳራው ከ0.9 ወደ 0.06 ቮልት ወረደ። ባትሪው ላይ 14.0። ሞተሪኖውም አሁን የሚያዞረው እንደ ወጣት ነው፤ እሱም ለካ በዚያው በተበጠሰ መንገድ ነበር የሚተነፍሰው። ምናልባት መጀመሪያውኑ ይህን ብለካ ኖሮ የግንቦቱ ችግር በግማሽ ይቀንስ ነበር። ስለዚህ ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ምንም ከመግዛቱ በፊት ይህን አንድ ልኬት ይውሰድ፤ ቴስተር ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ሰኔ 29፣ ቅዳሜ

ለፊት መብራቶቹ ሁለት ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) አስገባሁ፤ አንዱ ለአጭር፣ አንዱ ለረጅም። ቀድሞ ኃይሉ ሁሉ በአሮጌው ማብሪያ ውስጥ ያልፍ ነበር፤ አምፑሉ ጋ የሚደርሰው 11.4 ቮልት ነበር። አሁን 13.3።

ኤሌክትሪክ በሽቦው ዙሪያ በሚይዝ አምፔር መለኪያም ለካሁ፤ በ850 ዙር አልተርኔተሩ 21 አምፔር ይሰጣል። በጣም ጥሩ ነው፤ ግን ከ25 ያንሳል። ሚኒሞውን ወደ 950 ከፍ አደረግሁት፤ 26 ሆነ። ከዚህ በላይ አልጨምርም፤ ማርሽ ሲገባ መኪናዋ መግፋት ትጀምራለች። በ2,000 ዙር ደግሞ ባትሪው የሚፈልገውን ሁሉ ወስዶ ሬጉሌተሩ ራሱ ይቀንሰዋል።

የሞተሩን ጉልበት ይበላል ለሚለውም፣ 40 አምፔር በ14 ቮልት 560 ዋት ነው፤ ከሚባክነው ጋር ከሞተሩ የሚወሰደው አንድ ኪሎዋት ገደማ፣ ከአንድ ፈረስ ጉልበት ጥቂት ከፍ ይላል። የ1300ው ሞተር በባሕር ወለል 40 የፈረስ ጉልበት ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ ከዚያ ብዙ ይቀንሳል። በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ስወጣ ሁሉንም አብርቼ ሞከርኩት፤ ልዩነቱ በሁለተኛ ማርሽ ትንሽ ይሰማል፣ በአንደኛ አይሰማም። ላይ ደርሼ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስነካው እንደ ዱሮው አያቃጥልም፤ የባሕር ዛፉ ቅጠል ከተነሳ ወዲህ ሞተሩ ይተነፍሳል።

ሐምሌ 6፣ ቅዳሜ

ማታ አባቴን ይዤ ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ። ዝናቡ የግንቦቱን ዝናብ የሚያስንቅ ነበር። እንግሊዝ ኤምባሲ ጋ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ቆመናል፤ መብራት፣ መጥረጊያ፣ ፍሬን፣ ሬዲዮ ሁሉም በርቷል። ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሰካኋት ትንሽ ቮልት መለኪያ ከ13.2 አልወረደችም። መጥረጊያው መስተዋቱን ከዳር እስከ ዳር ይጠርጋል፤ ፍሬቻው ጊዜውን ጠብቆ ይመታል።

አባቴ ለዓመታት የነበራቸው ልማድ አለ፤ መኪና ሲቆም ባትሪ እንዳያልቅ እጃቸውን ሰድደው የፊት መብራቱን ያጠፋሉ፣ ሲንቀሳቀስ ይመልሳሉ። ዛሬም እጃቸው ከተሳፋሪው ወንበር ወደ ማብሪያው ሄደ። መሐል ላይ ቆም አሉና ወደ ቀይዋ መብራት ጎንበስ ብለው አዩ። ጠፍታለች። እጃቸውን መልሰው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

ቀበና ድልድይ ስንደርስ ብቻ «መጥረጊያው ላስቲክ ይፈልጋል፤ በእኔ በኩል መስመር ይተዋል» አሉኝ። ሰኞ እገዛለሁ።